ለበዓል ምን ይዘን እንጠይቃቸው? ለስኳር ሕመምተኞች ስለሚመረጥ ስጦታ

መግቢያ

የእንቁጣጣሽ፣ የመስቀል፣ የገና ወይም የፋሲካ በዓል ሲቃረብ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ ገበያዎች የሚታየውን ግርግር ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ በግ ይጎትታል፤ አንዷ ዶሮ አንጠልጥላ ትመለሳለች፤ ሌላው ደግሞ ለሚጠይቀው ዘመድ አንድ ኪሎ ስኳር ወይም አንድ ዕቃ ማር ይገዛል፤ ከጓደኞቹ ጋር ተዋጥቶም አንድ ሳጥን ለስላሳ መጠጥ ያሸክማል። በአገራችን ባህል ሽማግሌን፣ አሮጊትንና ሕመምተኛን በበዓል ቀን ባዶ እጅ መጠየቅ ነውር ነው። ይህ የሚያኮራ ልማድ ነው፤ ሊጠበቅም ይገባዋል። ይሁን እንጂ ልማዱን ስንጠብቅ አንድ ትልቅ ነገር እንደምንረሳ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከራሳችን ስሕተት ተምረናል።

ከአምቦ ወደ ባኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚገኙት ከተሞች በአንዷ አንዲት ባልቴት እናት ይኖራሉ። የስኳር ሕመም ካደረባቸው ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በገና ማግሥት ከቁምስናው ወጣቶች ጋር ልንጠይቃቸው ስንሄድ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ የወንጪ ማርና አንድ ሳጥን ለስላሳ መጠጥ ይዘን ገባን። እኒህ እናት በደስታ ተቀበሉን፤ መረቁን፤ ቡና አፈሉልን፤ እኛ እያየንም ከለስላሳው አንዱን አስከፍተው ጠጡ። በሳምንቱ ሐኪም ቤት መተኛታቸውን ሰማን። ለካስ ከእኛ በፊትም ሆነ ከእኛ በኋላ የመጣው እንግዳ ሁሉ ይዞ የገባው ተመሳሳይ ነገር ኖሯል። እርሳቸውም ማንንም ላለማስቀየም ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ሲቀምሱ ሰንብተው የደማቸው ስኳር ከልክ በላይ ወጥቷል።

ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ «እማማ፣ ምነው ሳይነግሩን?» አልናቸው። «አባቴ፣ እምቢ ብል እናንተን ማሳዘኔ ነው፤ እሺ ብል ራሴን መጉዳቴ ነው። በበዓል ቀን እንግዳ ከማሳዝን ብዬ ነው እንጂ መጉዳቱንማ ዐውቃለሁ» ሲሉ መለሱልን።

ይህ መልስ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነን ኖሯል። ለፍቅር ያመጣነው ስጦታ እኒህን እናት ከወዳጆቻቸው ደስታና ከገዛ ጤናቸው አንዱን እንዲመርጡ አስገድዷቸው ነበር። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገርም ከዚሁ የሚነሣ ነው። መልካም ስጦታ የሚመረጠው በሰጪው ልማድ ሳይሆን በተቀባዩ ኑሮ ነው። የምንሰጠው ነገር ሕመምተኛውን ሳይጎዳው፣ ከማዕዱም ሳይለየው፣ «አስበውልኛል» የሚያሰኘው ሊሆን ይገባል። እንዲህ ያለውን ስጦታ ለመምረጥ ግን አስቀድሞ ሕመሙን በጥቂቱም ቢሆን ማወቅ ያስፈልጋል።

፩. የስኳር ሕመም ምንድን ነው?

የስኳር ሕመም፣ ብዙዎች እንደሚመስላቸው፣ ስኳር አብዝቶ በመብላት ብቻ የሚመጣ የሆዳምነት ቅጣት አይደለም። ከጨጓራ በስተ ጀርባ የሚገኘው ቆሽት የተባለው የሰውነት ክፍል ኢንሱሊን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። የኢንሱሊን ሥራ ከምግብ የተገኘውን ስኳር ከደም ውስጥ እያወጣ ወደ ሰውነት ሕዋሳት ማስገባት ነው። ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም፣ ወይም ያመነጨው ሳይበቃ ወይም በሚገባ ሳይሠራ ሲቀር፣ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። የመጀመሪያው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በሕፃናትና በወጣቶች ላይ የሚታይ ሲሆን በየቀኑ ኢንሱሊን መውሰድን ግድ ይላል። ሁለተኛው ዓይነት በአብዛኛው በዐዋቂዎች ላይ የሚታይ ሲሆን በአመጋገብ፣ በእንቅስቃሴ፣ በሚዋጥ መድኃኒትና እንደ አስፈላጊነቱም በኢንሱሊን ይያዛል።

ኢንሱሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ነው። በጥር ወር 1922 (እ.ኤ.አ.) ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ በመርፌ ተሰጠ። ከዚያ በፊት በመጀመሪያው ዓይነት የተያዘ ልጅ ብዙ ጊዜ አይቆይም ነበር። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የሆነው የፍሬደሪክ ባንቲንግ የልደት ቀን፣ ማለትም በፈረንጆች ኅዳር 14፣ በእኛ ኅዳር 5 ገደማ፣ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ሆኖ ይታሰባል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 589 ሚሊዮን ዐዋቂዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ፤ ከዐሥሩ ከአራት የሚበልጡት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። ስለዚህ በበዓል ከምንጠይቃቸው ቤቶች በአንዱ ይህ ሕመም መኖሩ ሊያስደንቀን አይገባም።

ጤናማ ሰው ቁርስ ሳይበላ በሚለካበት ጊዜ የደሙ ስኳር ከ100 ሚሊ ግራም በታች ነው። በተደጋጋሚ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ የስኳር ሕመም እንዳለ ይቆጠራል። ከፍ ብሎ ለረጅም ጊዜ የቆየ ስኳር ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብን፣ በተለይም የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ሕመምተኛው በየዕለቱ የሚጠነቀቀው ለዚህ ነው፤ ይህን ጥንቃቄውን በሳቅና በጨዋታ መካከል ሳናውቅ የምናፈርስበት ደግሞ እኛ ጠያቂዎቹ ነን።

፪. በልማድ የምናመጣቸው ስጦታዎች ሲመረመሩ

ስኳርና ቡና። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ጨምሮ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን የጠጣ ሰው 24 ግራም ስኳር ጠጥቷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤናማ ዐዋቂ ሰው እንኳ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ከሚለው መጠን ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። በየቤቱ ሲዞር የሚውል የበዓል ጠያቂ ይህን ከረፋዱ በፊት ይጨርሰዋል። ቡናው ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ያለ ስኳር ሊጠጣ ይችላል።

ለስላሳ መጠጥ። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ያህል፣ ማለትም ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። ፈሳሽ በመሆኑም ወደ ደም የሚገባው በፍጥነት ነው። ከፍሬ የተጨመቀ ጭማቂም ቢሆን ከዚህ ብዙም አይሻልም፤ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የሦስትና የአራት ብርቱካን ስኳር ያለ ገለባው ይገባልና።

ማር። በአካባቢያችን ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። «ማር የተፈጥሮ ነው፤ መድኃኒት እንጂ ጉዳት የለውም» ሲባል እንሰማለን። የወንጪ ማር ስመ ጥር መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከየትኛውም ቀፎ ይቆረጥ፣ ከማር አምስት እጅ አራቱ ስኳር ነው። ብርዝም ቢሆን የአልኮል መጠጥ ስላልሆነ ብቻ ለስኳር ሕመምተኛ አይስማማም። በጨጨብሳ ላይ የሚፈስሰው ማርም ሊቆጠር ይገባዋል።

ጠጅና አረቄ። በእነዚህ ዘንድ አደጋው ሁለት ዓይነት ነው። ጠጅ ሳይብላላ የቀረ ስኳር አለበት፤ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። በሌላ በኩል አልኮል ጉበት የሚያስፈልገውን ስኳር ወደ ደም እንዳይለቅ ያግዳል። ስለዚህ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ክኒን የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይቀምስ አረቄ ቢጠጣ፣ ከሰዓታት በኋላ የደሙ ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የስኳር መውረድ ከስካር ጋር ስለሚመሳሰል ቤተሰብ «ሰክሯል፤ ይተኛ» ብሎ የሚተወው መሆኑ ነው።

ዳቦና የዱቄት ምግብ። ድፎ ዳቦ፣ ገንፎ፣ ቆጮና እንጀራ ጣፋጭ ባይሆኑም በሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣሉ። ይህ ማለት ሕመምተኛው አይብላ ማለት አይደለም፤ መጠኑን ይወቅ ማለት ነው። የበዓል ዳቦ ከቆረስን አንድ መጠነኛ ቁራሽ እንስጠው፤ «ጨምር፣ በሞቴ!» እያልን ግን አናስጨንቀው።

«ለስኳር ሕመምተኞች» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብስኩት። በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች መደብሮች የሚሸጡ እንዲህ ያሉ ምግቦች አሉ። ስኳር ባይጨመርባቸውም ዱቄቱና ቅባቱ እንዳለ ስለሆነ እንደ ልብ የሚበሉ አይደሉም። በውድ ዋጋ ገዝቶ ከማምጣት ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸውን ማሰብ ይሻላል።

ሕመሙን ነቅሎ ያጠፋል የሚባል ቅጠልና ዱቄት። ሽፈራውም ሆነ ሌላ ቅጠል ኢንሱሊንን ሊተካ አይችልም። እንዲህ ያለውን ነገር «መድኃኒቱን ተወውና ይህን ሞክር» ብሎ መስጠት ሰውን ለሞት ማጋለጥ ነው። እኛ ካህናትም ደጋግመን ልንናገረው የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም፤ ስለ እምነቱ ብሎ መርፌውን እንዲያቆም የሚመከር ሰው ሊኖር አይገባም።

፫. የሚጠቅሙ ስጦታዎች

ሀ. የሚበላና የሚጠጣ

ከሁሉ አስቀድሞ በደጃችን ያለውን እናስብ። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የከተማችንን ስም በአገሩ ሁሉ ያስጠራው የአምቦ ውኃ ጣዕም ያልተጨመረበት ከሆነ ምንም ስኳር የለበትም። ጠርሙሱ ሲከፈት ይጮኻል፤ በብርጭቆም ይፈላል፤ በማዕድ ላይ ሲቀርብ የበዓል መጠጥ እንጂ የሕመምተኛ መጠጥ አይመስልም። በለስላሳው ሳጥን ምትክ የአምቦ ውኃ ሳጥን ይዞ የገባ እንግዳ ሕመምተኛውን ከሌላው ሰው ጋር እኩል ብርጭቆ እንዲያነሣ አድርጎታል። ሁለት ማሳሰቢያ ግን አለን። የፍሬ ጣዕም የተጨመረበት ከሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ውኃው ሶዲየምን ጨምሮ ብዙ ማዕድናት ስላሉበትም የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም የተደረበበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከእህል ወገን ጥራጥሬ ይመረጣል። በጊንጪ ጥቁር አፈር የሚበቅለው ሽምብራ፣ እንዲሁም ምስር፣ ባቄላና አተር የደም ስኳርን ቀስ አድርገው እንጂ በድንገት አያወጡም። ንጹሕ የሽሮ ዱቄት፣ ጨው ያልበዛበት የሽምብራ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ፣ ስኳርና ማር የማይጨመርበት የተልባ ዱቄት፣ ደርዘን እንቁላል፣ ዶሮ፣ ጥቂት ብርቱካን ወይም አንድ መካከለኛ ፓፓያ ሁሉም ለስጦታ የሚበቁ ናቸው። ፍሬውም ቢሆን ባንድ ጊዜ ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይበላል። ቅርጫ የገቡ ጎረቤቶችም ለሕመምተኛው ከመደቡ ስቡ ያልበዛውን ሥጋ መርጠው ቢያስቀሩለት መልካም አሳቢነት ነው።

ለ. ለእግር የሚሆን

ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሕመምተኛው ሕመም መስማቱን ያቆማል። እሾህ ሲወጋው፣ ጠጠር በጫማው ውስጥ ሲገባ፣ የምድጃ ፍም ሲያቃጥለው አያውቅም። ቁስሉን የሚያገኘው ካመረቀዘ በኋላ ነው፤ ብዙ እግር የሚቆረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። በባዶ እግር ወይም በቀጭን ሸበጥ በሚኬድበት በገጠራችን ከሁሉ የበለጠው ስጦታ ጥሩ ጫማ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ጫማው ጣቶችን የሚሸፍን፣ ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳና ስፌቱ የማይቆረቁር ይሁን። እግር በቀን ውስጥ እብጠት ስለሚጨምር ከሰዓት በኋላ ተለክቶ ቢገዛ ይሻላል። በግምት ከመግዛት ሕመምተኛውን ይዞ መሄድ ይመረጣል። ከጫማው ጋር የጥጥ ካልሲ ቢታከልበት፣ ያውም ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ያለው ቢሆን፣ ደም ወይም መግል ሲነካው ቶሎ ይታያል። ውስጥ እግርን ለማየት የሚረዳ ትንሽ መስተዋትና ለደረቀ ቆዳ የሚሆን ቫዝሊን ዋጋቸው ጥቂት፣ ጥቅማቸው ብዙ ነው፤ ቫዝሊኑ ግን በጣቶች መካከል አይቀባም።

በዚሁ አንጻር አንድ የአምቦ ነገር እናንሣ። ወላጆችን በበዓል ሰሞን ወደ ፍል ውኃ ወስዶ ማሳጠብ የተወደደ ስጦታ ነው። ነገር ግን እግሩ የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ የውኃውን ሙቀት በእግሩ ሊለካ አይችልም፤ ተቃጥሎም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ አብሮት ያለው ሰው አስቀድሞ ውኃውን በክርኑ ይሞክርለት፤ ለረጅም ጊዜም አይዘፍዘፍ፤ ቁስል ካለበት ከነጭራሹ አይግባ። ከወጣ በኋላም የጣቶቹ መካከል በደንብ ይደረቅ። በቤት ውስጥ እግርን በሙቅ ውኃ ለማጠብም ሆነ በከሰል ለመሞቅ ጥንቃቄው ያው ነው።

ሐ. ለምርመራና ለመድኃኒት የሚሆን

የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው የሚያስቸግረው መሣሪያው ሳይሆን በየጊዜው የሚያልቀው የመለኪያ ስትሪፕ ነው። በብዙ ቤት መሣሪያው በመሳቢያ ተቀምጦ ስትሪፑ አልቋል። ስለዚህ አንድ ፓኮ ስትሪፕ ትልቅ ስጦታ ነው። ሲገዛ ከመሣሪያው ዓይነት ጋር መስማማቱንና የአገልግሎት ዘመኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የአንዱ መሣሪያ ስትሪፕ ለሌላው አይሠራምና። ዋጋው ለአንድ ሰው ከከበደ እንደ ቅርጫ አምስትና ስድስት ሆኖ መዋጣት ይቻላል። ለሥጋ የሚዋጣ ጎረቤት ለስትሪፕ መዋጣት አይሳነውም።

ኢንሱሊን ያልተከፈተ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ ግን ተበላሽቷልና አይወሰድም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ወይም መብራት በሚጠፋበት ቤት የሸክላ ዕቃ ያገለግላል። ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መሙላት፣ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥ፣ አሸዋውንም በየጊዜው ማርጠብ ነው። ኢንሱሊኑ ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ በትንሹ ማሰሮ ይገባል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ውስጥ ለአራት ሳምንታት ኃይሉን እንደጠበቀ መቆየቱን አሳይተዋል። ይህ መልካም ዜና ቢሆንም ሕመምተኛው የራሱን ሐኪም ምክር ይከተል። ከገበያ ሁለት ማሰሮ ገዝቶ፣ አሸዋውን ሞልቶ፣ አዘጋጅቶ የሚሰጥ ወጣት ግን እጅግ ብልህ ስጦታ ሰጥቷል።

መ. ጊዜና አገልግሎት

ሊታሸግና ሊጠቀለል የማይችል ስጦታም አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። የአንድን ድኃ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ መክፈል ለዓመቱ ሁሉ የሚዘልቅ የበዓል ስጦታ ነው። ከጀልዱ ወይም ከጥቁር እንጭኒ ወደ አምቦ ለሕክምና የሚመላለስ ሰው የመሳፈሪያ ገንዘብ ሲያጥረው ቀጠሮውን ያሳልፋል፤ የመሳፈሪያውን ሸፍኖ አብሮ የሚሄድለት ሰው ያስፈልገዋል። ዓይኑ፣ ኩላሊቱና እግሩ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት አለበት።

ሐኪሞች በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም በአምስት ቀን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይመክራሉ። ብቻውን መሄድ ለሚሰለቸው አዛውንት «ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ አብረን እንሄዳለን» ብሎ ቃል መግባትና ቃልን መጠበቅ፣ ለክረምቱም ጃንጥላ መጨመር፣ ከማር ዕቃ የበለጠ ጣፋጭ ነው።

፬. ስለ ልጆች

በመጀመሪያው ዓይነት የተያዘ ልጅ በበዓል ቀን የሚደርስበት ኀዘን ልዩ ነው። ወንድሞቹና እኅቶቹ ከረሜላ ሲታደላቸው እርሱ «ለአንተ አይሆንም» ይባላል። ከዚህ ይልቅ ለሁሉም ልጆች የማይበላ ነገር መስጠት ይሻላል። ኳስ፣ ባለ ቀለም እርሳስ፣ የሥዕል ደብተር፣ የተረት መጽሐፍ፣ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ልብስ ሁሉንም እኩል ያስደስታሉ። ለትምህርት ቤት ደግሞ ኢንሱሊን የሚወስድ መሆኑን፣ ራሱን ቢስት ምን ሊደረግለት እንደሚገባና የወላጆቹን ስልክ የያዘ ካርድ አዘጋጅቶ በቦርሳው ማኖር ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል።

፭. አሰጣጡስ?

መልካም ስጦታ በመጥፎ አሰጣጥ ሊበላሽ ይችላል። በተሰበሰበ ሰው ፊት «እሷ ስኳር አለባት፤ ለእሷ አትስጧት!» ብሎ መጮኽ አንድ ብርጭቆ ጠጅ ከማስጨነቅ የማይተናነስ ጉዳት አለው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ነገር ግን በሽታውን በገለጠ ቁጥር የሚያፍር ሰው መደበቅን ይመርጣል። ስለሆነም አስቀድመን በጓዳ፣ በዝግታ፣ «ምን ይዘን ብንመጣ ይስማማዎታል?» ብለን እንጠይቅ። ጠይቆ መስጠት ነውር አይደለም።

አስተናጋጅ በሆንን ጊዜም የሚስማማውን ምግብ ለብቻው በሌላ ሳሕን ሳይሆን በዚያው በማዕዱ ላይ እናቅርብ። ምግቡ የሚቀርብበትን ሰዓትም እንጠንቀቅ። ኢንሱሊን የወሰደ ሰው የገበታውን መዘግየት እንደ ሌላው ሊታገሥ አይችልም። የገናና የፋሲካ ሌሊት ጸሎት ረጅም መሆኑ፣ ከዚያም ጾሙ በሌሊት መፈታቱ የመድኃኒት ሰዓትን ያዛባል። ሕመምተኛ በጾም ሕግ የማይገደድ መሆኑን እያስታወስን፣ መጾም የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይማከር እንላለን።

በመጨረሻም ስኳርን ከቤት ጨርሶ ማጥፋት ስሕተት መሆኑን እንጨምር። ሕመምተኛው በድንገት ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው፣ ከራበው ወይም ንግግሩ ከተምታታ የደሙ ስኳር ከ70 በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት መድኃኒቱ ስኳር ነው። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ ወይም የለስላሳውን ግማሽ ጠርሙስ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ካልተሻለው ይደገማል፤ ሲሻለው ምግብ ይሰጠዋል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨመር በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

መደምደሚያ

በሚቀጥለው ዓመት ገና ወደ እኒያ እናት ቤት ተመልሰን ሄድን። ይህን ጊዜ አስቀድመን ጠይቀናል። ወጣቶቹ ተዋጥተው ጥቁር የቆዳ ጫማና ሦስት ጥንድ ነጭ ካልሲ ገዝተዋል፤ የአምቦ ውኃም ይዘናል። ጫማውን ለማስለካት እግራቸውን ዘርጉ ብንላቸው ከውስጥ እግራቸው አንዲት የእሾህ ስባሪ አገኘን። መቼ እንደገባች አያውቁም፤ አላመማቸውምና። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ወጣችላቸው፤ ቁስሉም ታጠበ።

ስንመለስ ቡና ተፈላ። ወጣቶቹ ተነጋግረው ኖሮ ሁሉም ያለ ስኳር ጠጡ። እማማ ፊታቸውን ተመልክተው ሳቁና የስኳሩን ዕቃ ወደ እነርሱ ገፋ አደረጉ። «ታማሚዋ እኔ ነኝ፤ እናንተ ምን አደረጋችሁ? ጨምሩ እንጂ!» አሉ። የአምቦውን ውኃ ግን ከሁላችን ጋር አብረው፣ በአንድ ዓይነት ብርጭቆ ጠጡ። ጫማቸውንም ቁስሉ እንደዳነ እንዳደረጉት በኋላ ሰማን።

ውድ አንባብያን፤ መጪው በዓል ሳይደርስ በየቤታችን፣ በየእድራችንና በየማኅበራችን ስለዚህ ጉዳይ እንነጋገር። ስጦታ የምንሰጠው ወዳጃችን ለከርሞው በዓልም በጤና እንዲቆየን ነውና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

፩. በበዓል ከምንጠይቃቸው ሰዎች መካከል የስኳር ሕመም ያለባቸው እነማን ናቸው? የሚስማማቸውን ነገር ጠይቀናቸው እናውቃለን?

፪. በአካባቢያችን ስለ ማር፣ ስለ ብርዝና ስለ ቅጠላ ቅጠል መድኃኒት የሚነገሩት የተሳሳቱ አባባሎች የትኞቹ ናቸው? እንዴት ልናርማቸው እንችላለን?

፫. በእድራችን ወይም በማኅበራችን ለአንድ ችግረኛ ሕመምተኛ የመለኪያ ስትሪፕ፣ ጫማ ወይም የጤና መድን መዋጮ ለመሸፈን ምን ማድረግ እንችላለን?

፬. በቤታችን ያለ ሰው የደሙ ስኳር በድንገት ቢወርድ ማን፣ ምን ያደርጋል? እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በቃሉ ይናገር።